ቅጠሉ ያበበ ዕለት

ባለፈው ነሐሴ ደብረ ብርሃን ላይ ዝናብ ያዘኝና መንገድ ዳር ካለ የችግኝ መሸጫ ዳስ ሥር ተጠለልኩ። ገና ሳልገባ ሽታው ተቀበለኝ፤ የራሰ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከዚያም ውስጥ ለየት ያለ ጉሮሮ የሚይዝ የለምለም ሽታ። ዞር ስል አንድ ተክል ረጃጅም ቅጠሉን እንደ ፀጉር በትኖ፣ በየላስቲኩ ሆኖ ተደርድሯል።

"ፈርን ነው ጋሼ፤ ለበረንዳ ይሆንዎታል" አለችኝ ሻጯ። "ጥላ ይወዳል። ብዙም አያስቸግርም።"

"ያብባል?"

"ኧረ አያብብም! ለቅጠሉ ነው እንጂ" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ይህችን አንዲት ቃል በልጅነቴ የሚነግረኝ አጥቼ ውሃ ተሸክሜ ክረምቱን ሙሉ ጠብቄያለሁ። የሚያውቁት ሰዎች ሞልተው ነበር። የነገረኝ ግን አልነበረም። እኔ ፊደል የለየሁት ጎልምሼ ነው። ይህንን በገዛ እጄ የምጽፈውም ስለዚያ ክረምት ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ስለማልፈልግ ነው። ሌላ ሰው ቢጽፈው ያለሳልሰዋል።

እናቴ ስትሞት አጎቴ ተክሌ ወሰደኝ። ቤቱ ከአንኮበር ወጣ ብሎ፣ ቆላው ከታች ወለል ብሎ በሚታይበት ገደል አፋፍ ላይ ነበር። በለቅሶው ቀን በሰው ሁሉ ፊት ደረቱን እየደቃ "እንደ ልጄ አሳድገዋለሁ!" ብሏል። እንደ ልጁ አላሳደገኝም። እንደ በሬውም አላሳደገኝም፤ በሬው ሲደክመው ያሳርፈው ነበር። ጠዋት ልጆቹ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ እኔ በረት ገብቼ አዛባ እዝቃለሁ። ማታ ሲመለሱ አንደኛው ልጁ መሬት ላይ በእንጨት እየጫረ "ይሄ ምንድን ነው?" ይለኛል። "አላውቅም" ስለው "ይሄ አንተ ነህ" ብሎ በእግሩ ያጠፋዋል። ትምህርት ቤት ለመግባት የፈለግኩት ለሌላ ለምንም አልነበረም። እግሩን ከማንሣቱ በፊት ማንበብ ፈልጌ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሁድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለችው አዳራሽ ተቀምጠው ዳቦና ጠላ ይቀማመሳሉ። እኔ ጠላ እቀዳ ነበር። የሰንበቴው ሙሴ፣ መሪያቸው ማለቴ ነው፣ ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዋንጫቸውን ስሞላላቸው ቀና ብለው አዩኝና አጎቴን፣

"አንተ ተክሌ፣ ይሄን ልጅ መቼ ነው ትምህርት ቤት የምታስገባው? ቁመቱ እኮ ካንተ ሊበልጥ ነው" አሉት።

አጎቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ውጭ ተመለከተ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ በግቢው ግንብ ጥላ ሥር፣ እማሆይ ወለተ ሐና የተባሉት መነኩሲት ቅጠሎቻቸውን ደርድረው ነበር። በአሮጌ ማሰሮ፣ በዘይት ቆርቆሮ፣ በተሰበረ ጋን ውስጥ ነው የተከሏቸው። አጎቴ በጣቱ እያሳየ፣

"ያ የእማሆይ ቅጠል ያበበ ዕለት አስገባዋለሁ! ባላስገባው የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጉልበቱን እየመታ "አይ ተክሌ!" አለ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሏቸው የሳቁ መስሎኝ ነበር። አጎቴ በአባቱ አጥንት ሲምል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ፤ የቀረው ቅጠሉ ማበቡ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከበረት እንደወጣሁ እማሆይ ዘንድ ሄድኩ። በወጣትነታቸው ደብረ ብርሃን አንድ ሀብታም ቤት አትክልት ይንከባከቡ ነበር፤ ሲመነኩሱ ከዚያ ቤት ያመጡት ይህንኑ ቅጠል ብቻ ነው ይባላል። ረጅም ሴት ናቸው። ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው ይወርዳል። ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ከእጃቸው ሥራ አያነሱም።

"እማሆይ፣ ውሃ ላምጣልዎት?"

"ማን ላከህ?"

"ማንም። ይሄ ቅጠል ሲያብብ ትምህርት ቤት እገባለሁ። አጎቴ ምሏል።"

እጃቸው ቆመ። ከዚያ እንደገና አፈሩን መቆስቆስ ጀመሩ። "ውሃውን ከሥሩ አፍስስ" አሉኝ። "ቅጠሉ ላይ አታፍስስ።"

የበልጉ ዝናብ በዚያ ዓመት ቀርቶ ነበር። ምንጩ ከገደሉ ወገብ ላይ ነው። ጀሪካኑን በገመድ ከጀርባዬ አስሬ እወጣለሁ። ለአጎቴ ቤት አንድ ጊዜ ከቀዳሁ በኋላ ለእማሆይ እመለሳለሁ። ለአጎቴ የምቀዳው ይከብደኝ ነበር፤ ለእማሆይ የምቀዳው አይከብደኝም።

እማሆይ ሥራውን አሳዩኝ። ቅጠሎቹ አንድ ዘር ናቸው፤ መልካቸው ግን ለየቅል ነው። ስም ያወጡላቸው እርሳቸው ናቸው፣ እንደ ሰው ፀጉር። ቀጥ ብሎ ረዝሞ የሚወርደው ዞማ ነው። ጫፍና ጫፉ የተጨማደደው፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ከርዳዳ። ሦስተኛው ቅጠሉ ተከፋፍሎ፣ የተከፋፈለውም እንደገና ተከፋፍሎ የደቀቀ ነው፤ እሱ ሹርባ ነው። እማሆይ ከሁሉም ሹርባን ይወዳሉ። ፀሐይ እንዳያገኘው ቦታውን በየወሩ ይለውጡለታል። እኔ ግን ተስፋዬን የጣልኩት በዞማ ላይ ነበር፤ ጠንካራ ስለሆነ ቀድሞ የሚያብብ መሰለኝ።

"ከርዳዳው መሐል ቀጥ ያለ ቅጠል ካየህ ከሥሩ ቁረጠው" አሉኝ አንድ ቀን።

"ለምን? እሱ እኮ ያምራል።"

"ዞማ አባቱ ነው። ወደ አባቱ እየተመለሰ ነው። ከተውከው አባትየው ይበረታና ከርዳዳውን ውጦ ያስቀረዋል።"

ማብዛቱንም አስተማሩኝ። ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ይወጣል። ያንን ክር ጎኑ ባለ ቆርቆሮ አፈር ላይ አስተኝቶ በእሾህ መስካት ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እዚያ ላይ ትንሽ ቡቃያ ብቅ ይላል። በዘር ሲዘሩ አይቻቸው አላውቅም። አንድ ነገር ዘርም አበባም ሳይኖረው መብዛቱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ልጅ ነበርኩና አላስጠረጠረኝም።

አዲስ ቅጠል ሲወጣ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ፣ ቡናማ ፀጉር ለብሶ ነው። የመጀመሪያውን ያየሁ ቀን እምቡጥ ነው ብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

"ጋሼ! እምቡጥ አወጣ!"

አጎቴ እራት እየበላ ነበር። ሚስቱ እትዬ አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አጎቴ ግን ኮስተር ብሎ "በል ጠብቀው። ፍየል እንዳይበላብህ" አለኝ። ጠበቅኩት። እምቡጡ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተተረተረና ሌላ ቅጠል ሆነ። ሌላም መጣ፤ እሱም ቅጠል ሆነ። በየጊዜው የሚቀጥለው ነው እላለሁ። አንድ ቀን እማሆይን በቀጥታ ጠየቅኳቸው።

"ሲያብብ ምን ዓይነት ነው እማሆይ? ቢጫ ነው? ነጭ?"

መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አወጡና ጸሎት ጀመሩ። መነኩሴ ሲጸልይ አይረበሽም ተብያለሁና ጀሪካኔን አንሥቼ ሄድኩ።

ሐምሌ ገባ። ጉሙ ከቆላው እየተንከባለለ ወጥቶ ግቢውን ይሞላዋል፤ ከአዳራሹ ቆሞ የቤተ ክርስቲያኑ በር አይታይም። ውሃ መሸከሙ ቀረ። በምትኩ በረዶ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ባቄላ የሚያክል በረዶ ሲወርድ ከማሳ እየሮጥኩ ሄጄ የለበስኩትን ብርድ ልብስ ማሰሮዎቹ ላይ ዘርግቼ ጫፉን በድንጋይ ያዝኩ። እኔ በሸሚዝ ቀረሁ። እማሆይ ከበራቸው ሆነው "ና ግባ! ልጁ! ተወው፣ ና ግባ!" እያሉ ይጮሃሉ። አልገባሁም። ሲያባራ ጀርባዬ በልዞ ነበር። ከቅጠሉ አንድም አልተሰበረም።

ነሐሴ ሲገባ ከርዳዳው ማሰሮ መሐል አንድ ቀጥ ያለ ቅጠል ወጣ። ቁረጥ የተባልኩት ዓይነት ነው። አልቆረጥኩትም፤ ከሁሉ በልጦ የሚያድገው እሱ ነበራ። አባትየው ከበረታ ይበርታ፤ እኔ የምፈልገው የሚያብብ ነው። ከእማሆይ ዓይን ለመሰወር ወደ ግንቡ አዙሬ አስቀመጥኩት።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ፣ በነጋታው ሰኞ ምዝገባ ነው ሲባል፣ ጠላ ከመቅዳቴ በፊት ወደ ማሰሮዎቹ ሄድኩ። ያንን ቅጠል ወደ ብርሃን ሳዞረው ጀርባው ተገለበጠ። ክረምቱን ሙሉ ከላይ ከላይ ስመለከት ኖሬ ጀርባውን አይቼ አላውቅም። በእያንዳንዷ ትንሽ ቅጠል ጠርዝ፣ ግራና ቀኝ፣ ቡናማ ነጠብጣብ እንደ ጥልፍ ተደርድሯል። ሮጬ የዞማን ቅጠል ገለበጥኩ፤ እሱም ሞልቶታል። በጣቴ ስነካው ቡናማ ዱቄት ያዘኝ።

ቅጠሉን ቀጥፌ አዳራሹ ውስጥ ገባሁ። "አበበ! ጋሼ፣ አበበ!"

አጎቴ ቅጠሉን ተቀብሎ ገለበጠው። ሊስቅ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"ዋግ ነው" አለ።

ይህን ቃል ያላረሰ ሰው አይገባውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስንዴው ሊያሽት ሲል ይኸው ቡናማ ዱቄት በቅጠሉ ላይ ወርዶ፣ አገሩ ሁሉ ገለባ አጭዶ ገብቷል። አሁንም ስንዴው ከግቢው ግንብ ጀምሮ ለምልሞ ቆሟል። ሰዎቹ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ቅጠሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዱ ነክቶ ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

"ዋግ በቤተ ክርስቲያን ግቢ!"

"መነቀል አለበት። አሁኑኑ፣ ነፋስ ሳይነሣ።"

"ነቅሎ ማቃጠል ነው!"

"ዋግ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "አበባ ነው! ምለሃል ጋሼ! በአባትህ አጥንት ምለሃል!"

አጎቴ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ "ዋግ ሲያወጣ አላልኩም መቼም" አለ። ማንም አልሳቀም። ዋግ ነው ያለው አምኖ ይሁን ከመሐላው ለማምለጥ፣ ዛሬም አላውቅም።

ጋሽ ወንድይራድ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "ቁጭ በሉ! መሐላው በዚሁ ቤት፣ በእኛ ፊት ነው የተማለው። የቅጠሉ ባለቤት ይምጡና ይናገሩ።"

እማሆይን ጠሩ። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ወንድይራድ ቅጠሉን ሰጧቸውና፣

"እማሆይ፣ ዋግ ከሆነ ይቅር ይበሉን፣ ዛሬውኑ ነቅለን እናቃጥላለን። አበባ ከሆነ ደግሞ ተክሌ ነገ ጠዋት ልጁን ያስመዘግባል። እርስዎ ይንገሩን፣ ምንድን ነው?" አሏቸው።

እማሆይ ቅጠሉን ለብርሃን ያዙት። "ዋግ እንዳገኘ ነው የሚበተነው። እናንተ ታውቁታላችሁ። ይሄ ግን እዩት፣ ተሰልፏል። በሽታ አይሰለፍም። ዘሩ ነው።"

"ዘር ካለው አብቧል!" አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። "ሳያብብ ዘር የሚያፈራ ምን አለ? ባቄላው አብቦ አይደለም? አተሩ አብቦ አይደለም?"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ልጁ እኮ እውነቱን ነው" አለ አንዱ። "ያለ አበባ ምን ዘር አለ?" አለ ሌላው። አጎቴ ፊቱ ጠቆረ። ጋሽ ወንድይራድ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው፤ ከጎኔ ነበሩ፣ ይህን አልረሳላቸውም።

"እንግዲህ እማሆይ፣ አብቧል እንበል?"

አንድ "አዎ" ብቻ ነበር የቀረው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያቺን አዎ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ራሱ አጎቴም ጭምር። እማሆይ እኔን አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አንሥተው በደንብ አዩኝ።

"አላበበም" አሉ። "ይህ ቅጠል አያብብም። አብቦም አያውቅም።"

አጎቴ ጭኑን በጥፊ መታ። "ሰማችሁ! ከራሳቸው አፍ ሰማችሁ! በል ደምሴ፣ ጠላ ቅዳ!"

ቀዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ቀዳሁና ጣሳውን አስቀምጬ ወጣሁ።

እማሆይ ከግቢው በር ላይ ደረሱብኝ። ሹርባውን፣ ከሁሉ የሚወዱትን፣ ከነማሰሮው ታቅፈው ነበር።

"ደምሴ፣ ድካምህን አውቃለሁ። ይህን ውሰድ።"

"እንደማያብብ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ተስፋህን ልነጥቅህ አልፈለግኩም።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ በሰው ፊት ተጠየቅኩ። በዚህ ቆብ ልዋሽ?"

"እኔም ጠይቄዎት ነበር" አልኩ። "ቢጫ ነው ነጭ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

ማሰሮውን ወደ እኔ ዘረጉት። አልተቀበልኩም። እውነት ተናግረዋል፤ ይህን አልክድም። ዝምታቸውን ግን ውሸት ነው ብለው አልቆጠሩትም፤ ይህንንም እኔ አልተውላቸውም። ሞተዋል፤ ነፍስ ይማር።

ሰኞ ጠዋት አዛባውን ሳልዝቅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ብቻዬን ነበርኩ። በሩ ላይ የቆመው መምህር ወጣት ነው፣ ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

"ስምህ ማነው?"

"ደምሴ።"

"አሳዳጊህስ?"

"እኔ ነኝ።"

ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም። "ሰው ይዘህ ና። ያለ ሰው አልመዘግብህም" አለኝና ወደሚቀጥለው ልጅ ዞረ።

ወደ ቤት አልተመለስኩም። ክፍሉን ዞሬ፣ ምዝገባው አልቆ ትምህርቱ እስኪጀመር ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሰሌዳው መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ጽሑፉ ለእኔ አይታየኝም ነበር፤ የሚታየኝ የልጆቹ አፍ ብቻ ነው። መምህሩ በዱላው ሰሌዳውን ይመታል፣ እነሱ ይጮሃሉ። እኔም ከውጭ እጮሃለሁ። እኩለ ቀን ላይ አጎቴ መጥቶ በጆሮዬ ጎትቶ ወሰደኝ። በማግስቱ አዛባውን ጎሕ ሳይቀድ ዝቄ ጨርሼ ሄድኩ። መጥቶ ወሰደኝ። እንደገና ሄድኩ። መምህሩ አንዳንድ ቀን መስኮቱን ሰፋ አድርጎ ይከፍትልኛል፤ ከዚያ ያለፈ አላደረገም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ገብሱ ደረሰና አጎቴ ከአጨዳው ቦታ እንዳልንቀሳቀስ ዓይኑን ተክሎብኝ ዋለ። ነዶ እንድሸከም ከኋላው አሰለፈኝ። ነዶውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን አስተካክዬ፣ ሀ ሁ ሂ ሃ አልኩ።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለ ዞር ብሎ።

ሄ ህ ሆ አልኩ።

"ዝም በል!"

ለ ሉ ሊ ላ አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከወዲያ ማዶ የሚያጭዱት ጎረቤቶች ቀና አሉ። ጋሽ ወንድይራድም እዚያው ነበሩ፤ ማጭዳቸውን ይዘው ቆመው አዳመጡ። አጎቴ ሰው እንደሚያየው አወቀ። ማጭዱን ጥሎ ዱላውን አነሣ። ሐን ጨርሼ ነበር። ሐ ለምን እንደ ሀ እንደሚባልና ለምን ሁለቴ እንደሚመጣ አልገባኝም፤ ቢሆንም አልዘለልኩትም።

የመጀመሪያው ዱላ ሲያርፍብኝ መ ላይ ነበርኩ። ነዶውን አልጣልኩም። ሙ አልኩ፤ ሚ አልኩ።